ርካሹን አርኬድ ስቲክ ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «የድብድብ ጌም የምጫወተው በፓድ ነው፤ ሲመሽ አውራ ጣቴን ያቃጥለኛል። ወደ አርኬድ ስቲክ መዞር እፈልጋለሁ፤ ውዱን ግን አቅሜ አይችለውም። ርካሹ ያዋጣል ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?» ነው ያልከው። ለማያውቀው፣ ፓድ በሁለት እጅ የሚያዘው ተራ መቆጣጠሪያ ነው፤ አርኬድ ስቲክ ደግሞ ዘንግና ትልልቅ ቁልፎች ያሉት ሳጥን ነው።

እኔ ርካሹን ገዝቼ ሦስት ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ዛሬም ያለኝ እሱው ነው። ውስጡ ግን መጀመሪያ ከነበረው ጋር አይገናኝም። መልሴም እዚህ ላይ ነው፦ ርካሽ ስቲክ ስትገዛ የምትገዛው ሳጥኑን ነው። ዘንጉም ቁልፎቹም ቀስ እያሉ ይቀየራሉ። ዕቃ የማያስቀይር ሳጥን ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጡህም ይቅርብህ።

ከዘንጉ ልጀምር፤ ዋናው ድክመት ያለው እዚያ ነው። ከዘንጉ ሥር አራት ማይክሮስዊቾች (ሲነኩ ቀጭ የሚሉ ትንንሽ ማብሪያዎች) አሉ፤ ለላይ፣ ለታች፣ ለግራ፣ ለቀኝ። ሰያፍ አቅጣጫ የሚመጣው ሁለቱ አንድ ላይ ሲነኩ ነው። ጥሩ ዘንግ ላይ ሰያፉ ሰፊ ነው፤ እጅህ ሳትፈልገው ያገኘዋል። የእኔው ላይ ጠባብ ነበር፤ ሞላውም ልል። ስትሪት ፋይተር ስጫወት ቁጭ ብዬ ለመከላከል ዘንጉን ወደ ታችና ወደ ኋላ እይዛለሁ፤ ሆኖም ተጋጣሚዬ እግሬን ሲለኝ ምቱ ይገባል። ለምን እንደሆነ ብዙ ቀን አልገባኝም ነበር። ኋላ ላይ ትሬኒንግ ሞድ (የጌሙ መለማመጃ) ገብቼ የኢንፑት ማሳያውን፣ ማለትም የያዝከውን አቅጣጫ በቀስት ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን፣ ሳበራ ታየኝ። እጄ ትንሽ ሲላላ ዘንጉ ሸርተት ይልና ሰያፉ ጠፍቶ «ኋላ» ብቻ ይቀራል። ያኔ ገጸ ባሕርይዬ ብድግ ይላል። ቆሞ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ምት አይመከትም።

ሾርዩከን (እየዘለሉ ወደ ላይ የሚመቱት የስትሪት ፋይተር ልዩ ቡጢ) ላይም ያው ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ታችና ወደ ፊት፤ መጨረሻው ሰያፍ ነው። ሰያፉ ካመለጠህ የሚወጣው ተራ ቡጢ ነው።

ስለዚህ በገዛህበት ቀን ይህን ሞክር። ማሳያውን አብራና ሰያፉን አሥር ሰከንድ ያዝ። ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ዘንጉ ደህና ነው። ከዚያ ሾርዩከንን ከግራም ከቀኝም ሃያ ሃያ ጊዜ ሥራ። ግን አደራ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስቲኩ ላይ አትፍረድ። ከፓድ ስትመጣ መጀመሪያ የሚከዳህ የራስህ እጅ ነው። እኔ ወደ ፓድ ደረጃዬ እስክመለስ ወር አልፎኛል፤ በየመሃሉም ስቲኩን ልሸጠው ቆርጬ ነበር።

የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚገድበው ጌት በአብዛኛው አራት ማዕዘን ነው። ብዙ ሰው ማዕዘኑ ሲቆረቁረው ወዲያው በስምንት ማዕዘን ይቀይረዋል። አትቸኩል። አራቱ ማዕዘኖች ሰያፎቹ ናቸው፤ እጅህ ሲለምድ መንገድ ይመሩሃል።

ቁልፎቹ ያን ያህል አያስከፉም። ትንሽ ይደርቃሉ፤ ጠለቅ አድርገህ መጫን ይጠይቃሉ። በፈጣን ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ላይ አንዳንዴ ምት ይበላሉ። የእኔ ከባድ ቡጢ በስምንተኛው ወር ገደማ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተወኛል ሆነ። ሳንዋ በሚባለው የጃፓን አምራች ቁልፍ ቀየርኩት፤ ልዩነቱ ደግሞ አስደነገጠኝ። ጣትህን ጣል ስታደርግበት ይነካል። መጀመሪያ ሰሞን ሳላስበው እየተጫነ አስቸግሮኝ ነበር።

ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ዘንጉን አስቀድም። እዚህ ላይ ነው የሳጥኑ ጉዳይ የሚመጣው። ከመግዛትህ በፊት የውስጡን ፎቶ ፈልግ። ቁልፎቹ በሽቦ ተያይዘው ሽቦው የሚነቀል ከሆነ፣ ቀዳዳቸውም 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ዘንጉም ባለ 5 ፒን ሶኬት ካለው፣ ያለ ስታኞ፣ ያለ ብየዳ፣ በካቻቢቴ ብቻ ትጨርሰዋለህ። ቁልፎቹ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ወይም ከሥራቸው ጎማ ያለባቸው ትንንሽ ስቲኮች አሉ። እነሱን እለፋቸው።

ስትከፍተው አንድም ሽቦ ሳትነቅል ፎቶ አንሳ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሽቦ ይወጣል። ስትነቅል ሽቦውን ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ያዝና ቀስ እያልክ ወዝወዝ አድርገው። ሽቦውን ከጎተትከው ተበጥሶ ይቀራል። ዘንጉን ስትገጥምም ሶኬቱ የነበረበትን ጎን ልብ በል። እኔ አዙሬ ገጥሜው ዝለል ስለው ቁጭ፣ ወደ ፊት ስለው ወደ ኋላ ሆነብኝ። ዘንጉ የተበላሸ መስሎኝ አንድ ምሽት ሙሉ ተጨንቄያለሁ። ፈትቼ ሳዞረው ቀጥ አለ።

ሌላው ድክመት ክብደቱ ነው። ሳጥኑ ቀላል ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታል፤ ጨዋታው ሲግል ጭራሽ ይሸሻል። እኔ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጫወተው፤ ከሥሩም የማያንሸራትት ምንጣፍ ቆርጬ ለጥፌበታለሁ። ድምፁንም ልንገርህ፦ የማይክሮስዊቹ ቀጭ ቀጭ ሌሊት ከግድግዳ ወዲያ ይሰማል። የተኛ ሰው ካለ አስብበት።

በምን ላይ እንደምትጫወት አልነገርከንም። ኮምፒውተር ከሆነ ችግር የለም። ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ የሶኒ ፈቃድ የሌለው ስቲክ በየ8 ደቂቃው ሊቋረጥብህ ይችላል፤ ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ዋናውን ፓድ የምትሰካበት ቀዳዳ ያላቸው። ለፕሌይስቴሽን 4 የተሠራ ስቲክ በፕሌይስቴሽን 5 ጌም ላይ በጥቅሉ አይሠራም፤ እንደ ስትሪት ፋይተር 6 ያሉ ግን ይቀበሉታል። ገመድ አልባ ካየህም በገመድ የሚሠራውን ምረጥ። እነዚህ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። እዚያ ላይ መዘግየት ያስበላሃል።

ጥሩ ጎኑን አሳንሼ እንዳይመስልብህ። ሦስቱ ቡጢና ሦስቱ እርግጫ በሁለት ረድፍ ከጣቶችህ ሥር ሲደረደሩ ደስ ይላል። ፓድ ላይ ከባዱን ምት ፍለጋ ጣትህ ወደ ላይኛው ጫፍ የሚሄደው ነገር ይቀራል። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ለእኔ ከፓድ ይልቅ እዚህ ቀለለኝ። አውራ ጣቴም አርፏል፤ ዘንጉን የሚያንቀሳቅሰው መላው እጄ ነው። ይህን ሁሉ ርካሹ ስቲክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰጥሃል።

ያየኸውን ስቲክ ስምና የውስጡን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን። ዘንጉ የሚቀየር መሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ።