ሴትአፑ «ፋይል አጣሁ» ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ድሬዳዋ ሳቢያን ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ለአዲሱ ፕሪንተሬ ድራይቨር አወረድኩ፤ ፋይሉ ዚፕ ነው። ከፍቼ ሴትአፑን ክሊክ ሳደርግ «የካብ ፋይል አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ግን እዚያው አጠገቡ ይታየኛል። ድጋሚ ሳወርደው ኔትወርክ ተቆራረጠ፤ ይሄኛው ጭራሽ አልከፈት አለ። ፕሪንተሩን ልመልሰው?

መልስ፦ አትመልሺው እህቴ፣ ፕሪንተርሽ ደህና ነው። የገጠሙሽ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ዊንዶውስ ዚፕን ልክ እንደ ፎልደር ከፍቶ ያሳይሻል። ነገር ግን ታምቆ የታሰረ አንድ ፋይል ነው። ሴትአፑን እዚያው ውስጥ ስትነኪው «ሁሉንም ላውጣ ወይስ ላስነሳው?» የሚል መስኮት ይመጣል። ብዙ ሰው «ራን» ይላል። ያኔ ዊንዶውስ ሴትአፑን ብቻ አውጥቶ ሌላ ጊዜያዊ ቦታ ያስቀምጠዋል። የፕሮግራሙ ዋና ዕቃ ያለበት ካብ ግን ዚፑ ውስጥ ይቀራል።

ድሬ ከዚራ ሰፈር ስሠራ አንድ አባት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ሌላ ቤት «ቫይረስ ነው» ብለው ፎርማት አድርገውባቸዋል። የልጃቸው የሠርግ ፎቶ በዚያው ጠፋ። ችግሩ ግን ይኸው ያንቺው ነበር! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዚፑን በቀኝ ክሊክ «ኤክስትራክት ኦል» በይው። ስሙ አጭር የሆነ ፎልደር ሲ ድራይቭ ላይ ክፈቺና እዚያ ይውጣ። የፎልደር ስም በፎልደር ላይ ተደራርቦ ከ260 ፊደል ካለፈ ዊንዶውስ ሊያስቸግር ይችላል። ከዚያ ሴትአፑን ከአዲሱ ፎልደር አስነሺ።

ሁለተኛው ደግሞ ማውረዱ ስለተቋረጠ ነው። ዚፕ የያዛቸውን ፋይሎች ዝርዝር የሚጽፈው መጨረሻው ላይ ነው። የጭነቱ ወረቀት የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ያለ ባቡር አስቢ። ያ ፉርጎ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ድሬ የደረሰውን ጭነት የሚለይ የለም። የወረደውን ሜጋባይት ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዪ፤ ካነሰ አጥፊውና እንደገና አውርጂ።

ይሄን ነገር ስለምወደው አንድ ልጨምር። ዚፕን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ፊል ካትዝ ነው። ዚፑን በኖትፓድ ብትከፍቺው መጀመሪያ የምታዪው ፒ እና ኬ፣ የስሙን መነሻ ፊደላት ነው። የአንድሮይድ ኤፒኬም (የአፕ መጫኛ ፋይሉ) ውስጡ ዚፕ ስለሆነ እነዚሁ ፊደላት አሉበት።

ሰው «ራር» በሚባለው፣ እንደ ዚፕ ባለ ሌላ ማመቂያ ከፋፍሎ «ፓርት 1፣ ፓርት 2» ብሎ ከሰጠሽ ሁሉንም አንድ ፎልደር ሰብስቢ። የምትከፍቺው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይፈታዋል። ሲፈታ «ሲአርሲ» የሚል ስህተት ካመጣ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ከሰውዬው በሌላ ፍላሽ አስገልብጪ።