«አማርኛ የሚችል ይምጣ» ብለው ባለቤቴን አራት ሰዓት አስቀመጧት፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባቲ አካባቢ፣ ገጠር ቀበሌ ነው። ባለቤቴ ምጥ ሲጠናባት ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል ላከን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ደረስን። ደም እየፈሰሳት ነበር። እሷ ከኦሮምኛ ሌላ አትችልም። እኔ አማርኛ እችላለሁ፤ ጥበቃው ግን «ወንድ አይገባም» ብሎ በር ላይ አስቀረኝ። አብራት የገባችው እህቴ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ተረኛዋ «አማርኛ የሚችል ይምጣ፤ እናንተ መቼም ከዱር ነው የምትመጡት» ብላ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። ከእኛ በኋላ የመጡ ሁለት እናቶች ቀድመው ገቡ። የታየችው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ደህና ነው፤ እሷ ግን ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። ይህ የዘር መድልዎ ይባላል? ብከስስስ፣ ነገ ሌላ ልጅ ሲመጣ የት እሄዳለሁ?

መልስ፦ እንኳን እናትና ልጅ ተረፉ።

አዎ፣ ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በቋንቋ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። አንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚሰጥ አገልግሎት ሁሉም በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የዘር መድልዎን የማስወገድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም የብሔር ልዩነትን ይጨምራል፤ ሕክምናን ደግሞ በስሙ ጠቅሶታል።

እኛ ወሎዬዎች «እዚህ ዘር አይጠየቅም» ማለት እንወዳለን። እውነትም አለው፤ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። ግን ይኸው ኩራት አፍ ማዘጊያ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቅሬታ ሰሚው ፊት ሲቀርቡ «ኧረ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ የቋንቋ ችግር ነው» መባልዎ አይቀርም። ተዘጋጅተው ይሂዱ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልምከርዎ። «መድልዎ ተፈጸመብን» ብለው አይጀምሩ። አገራችን መድልዎን ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ ሕግ የላትም። በሰው ልብ ያለውን ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። ይልቅስ የሆነውን ይጻፉ፦ ደም የሚፈስሳት ወላድ አራት ሰዓት ሳትታይ ቆየች። ምክንያቱ ምን ነበር? ይህን መመለስ ያለበት ሆስፒታሉ ነው። መልስ ሲያጣ መድልዎው ራሱ ይወጣል።

የሚሰጡት መልስ ከወዲሁ ይታወቃል። አንደኛው «ድንገተኛ በዝቶ ነበር» ነው። ይህ እውነት ከሆነ ያዋጣቸዋል። ትሪያጅ ማለት የባሰበትን ማስቀደም ነውና ዘግይቶ የመጣ ቀድሞ ቢገባ በራሱ ጥፋት አይደለም። ይህን የሚፈታው ወረቀት ነው። ሪፈሩ ላይ ጤና ጣቢያው የጻፈው ሰዓትና «ደም እየፈሰሳት» የሚለው ቃል አለ። ካርድ ክፍል ካርዷ የወጣበት ሰዓት አለ። ቻርቷ፣ ማለትም የሕክምና መዝገቧ ላይ ደግሞ ባለሙያ መጀመሪያ የጻፈበት ሰዓት። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በመሃል ያለው ባዶ አራት ሰዓት ነው ክስዎ።

ሁለተኛው መልሳቸው «ልንግባባ አልቻልንም» ነው። የሚፈስ ደም ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም። ደግሞስ አስተርጓሚው እርስዎ በር ላይ ቆመው ነበር! ያስቀረዎት ጥበቃ ይህን ይመሰክራል። እህትዎም የተባለውን ቃል በጆሯቸው ሰምተዋል፤ በአስተርጓሚ መመስከር ይችላሉ። ቃሉን ሳይረሱት ዛሬውኑ ያስጽፏቸው።

በተግባር ሲመጣ፣ መጀመሪያ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ማመልከቻ ይጻፉ። የቻርቷ ኮፒ እንዲሰጣችሁም በዚያው ይጠይቁ፤ ባለቤትዎ ይፈርሙበት፣ ካርዱ የእሳቸው ነውና። ሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተምና ቁጥር አስደርገው ኪስዎ ይክተቱት። በቃል የተነገረ ቅሬታ እንዳልተነገረ ነው። መልስ ካጡ ወደ ክልሉ ጤና ቢሮ ይሂዱ፤ የባለሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ እዚያ ይታያል።

በወንጀልም መሄድ ይቻላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት ሲነፍጉ ይቀጣል። ከሚጠቅሳቸው መነሻዎች መካከል ጥላቻና ንቀት አሉበት። «ከዱር ነው የምትመጡት» የሚለው ቃል ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። አቤቱታው ለፖሊስ ይቀርባል።

ካሣ ከፈለጉ በፍትሐ ብሔር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት መንግሥትን መጠየቅ እንደሚቻል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 ይፈቅዳል። ጭንቅ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ደሙ የፈሰሰው በመዘግየቱ ነው ወይስ ቀድሞም ከባድ ነበር? ለዚህ የሐኪም አስተያየት ያስፈልጋል። የሁለት ዓመት ይርጋም፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ አለ፤ ጊዜው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ይቆጠራል። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በደኃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላሉ። ጠበቃ መቅጠር ካልቻሉ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ያመልክቱ፤ በነፃ ነው። እንደ ፍርድ ቤት ካሣ አይፈርድልዎትም። ግን ከአንድ ተረኛ አልፎ የሆስፒታሉን አሠራር ሊመረምር ይችላል። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ፣ ለኽምራና ለአዊ የየራሳቸውን የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷል። ከከሚሴና ከባቲ የሚመጣ በሽተኛ የሚቀበል ሆስፒታል በየፈረቃው ኦሮምኛ የሚችል አንድ ሰው መመደብ አያቅተውም፤ ቢያቅተው እንኳ ስልክ አለ። ይህን በአቤቱታዎ ላይ እንደ ጥያቄ ያስገቡት። ከአፋር ለሚመጣውም ከዋግ ለሚመጣውም ይጠቅማል።

«ነገ የት እሄዳለሁ» ላሉት፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሆስፒታሉ አንድ ነው፣ አማራጭ የለም። ነገር ግን ቅሬታ አቀረበ ብሎ በሽተኛ መመለስ ሌላ ጥፋት ነው፤ ማኅተም ያለበት ማመልከቻ እጅዎ ላይ ካለ ደግሞ ለማስረዳት አይቸገሩም። ልምዴ እንደሚነግረኝ፣ በስሙ የተጻፈበት ክፍል በሚቀጥለው ጊዜ ይጠነቀቃል። የሪፈሩን ፎቶ አንስተው ከሆነ ግን ስልክዎ ሳይጠፋ ዛሬ ማታ ለእህትዎ ይላኩላቸው።