ሰማያዊ ጣት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ላብራቶሪ ሥራ ለጀመራችሁት ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ነው። ድሮ እዚሁ ስቀመጥ አስተናጋጆቹ ጣቴን እያዩ «ዛሬም ብዕር ፈሰሰብህ?» ይሉኝ ነበር። የምን ብዕር! ሜቲሊን ብሉ የሚባል የላብራቶሪ ሰማያዊ ቀለም ነው።

ቀለሙ መጀመሪያ ለእኛ አልተሠራም። ሃይንሪክ ካሮ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው ለጨርቅ ማቅለሚያ ነው። በኋላ ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ ቀለሙ አንዱን ህዋስ ይዞ ሌላውን ሲተው አየና፣ የወባን ተውሳክ መርጦ ከያዘው ለምን አይገድለውም ብሎ በ1891 ከጉትማን ጋር ሁለት የወባ በሽተኞች ላይ ሞከረው፤ ተሻላቸው። ወባ ለመፈለግ ደም የምናቀልምበት ጊምሳ የምንለው ቀለም ውስጥም ያለው እሱው ነው፣ ኢኦሲን ከሚባል ቀይ ቀለም ጋር። ዛሬም የደሙ ሄሞግሎቢን ተበላሽቶ ኦክስጅን መሸከም ላቃተው ሰው በደም ሥር ይሰጣል።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ጀማሪ ሳለሁ ነው። አዲስ አበባ ብርዷ ለወባ ትንኝ አይመችም፤ ወባ የምናገኘው ቆላ ከርሞ ከመጣ ሰው ነው። ያን ቀን የመጣው ሹፌር ነበር። ቸኩዬ ጊምሳውን ሳላጣራ ቀባሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ሳየው ስሚሩ፣ መስታወቱ ላይ የተቀባው ደም፣ ጥቋቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም፤ «ወባ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ባለሙያ መጥተው ዓይናቸውን አስጠጉና ፎከሱን ትንሽ አዞሩት። ቀይ የደም ሴሎቹ ጥርት ሲሉ ነጥቦቹ ደበዘዙ። መልሰው አዞሩት፤ ነጥቦቹ ሲጠሩ ሴሎቹ ደበዘዙ።

«ወባ ሴሉ ውስጥ ነው የሚያድረው። ይሄ ላዩ ላይ ተኝቷል። የቀለም ዝቃጭ ነው» አሉኝ። ደግሞም የወባ ተውሳክ ቀይ ኒውክለሱና ሰማያዊ አካሉ አብረው ይታያሉ፤ የኔ ነጠብጣቦች ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነበሩ። ይሄን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናውንም አልፌበታለሁ!

እና አደራ፣ ቀለሙን አጣሩ። የበጠበጣችሁትን ለነገ አታሳድሩ፤ የዕለቱን በዕለቱ። የቧንቧ ውኃ ቀርቶ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 7.2 የሆነ ባፈር፣ ማለትም ልኩ በቀላሉ የማይዋዥቅ ፈሳሽ፣ ተጠቀሙ፣ አሲድ ሲበዛበት ቀለሙ ይዋሻችኋል። ጣታችሁስ? ሰማያዊ ይሁን፣ ችግር የለውም።

ያን ቀን የውጤቱን ወረቀት ቀድጄ ጊምሳውን አጣርቼ እንደገና ቀባሁ። ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቅ ነበር። ሁለተኛው ስላይድ ጥርት ያለ ነበር፣ አንድም ነጥብ የለበትም።