ሊንዳው ስትሄዱ ልጆቻችሁን በአማርኛ አዋሯቸው

ጀርመን አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ቦደንዜ ሐይቅ ላይ ወዳለችው ወደ ጥንታዊቷ የሊንዳው ደሴት ትጎርፋላችሁ። መሄዳችሁ ደግ ነው። አካሄዳችሁ ግን ያናድደኛል።

1. ወረቀት፦ ከወደቡ የሚነሣው መርከብ ኦስትሪያ ድረስ ስለሚሄድ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ያዙ፤ ጥገኝነታችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ግን በጠያቂነት መታወቂያ ድንበር መሻገር አይፈቀድላችሁምና ከደሴቲቱ አትለፉ።

2. ባቡር፦ የዶይችላንድ ቲኬት በፈጣኑ ባቡር አይሠራም፤ በክልል ባቡር ሂዱ። መውረጃችሁ ሊንዳው ኢንዘል ነው። ሊንዳው ሮይቲን በየብሱ በኩል ያለ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ወርዳችሁ የሕፃን ጋሪ እየገፋችሁ ስትንከራተቱ ማየት ሰልችቶኛል።

3. ልጆቹ፦ ወደቡ ላይ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? በድንጋዩ አንበሳና በ1856 በተሠራው የመብራት ማማ ፊት ልጆቹን ትደረድራላችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ለዘመድ ትልካላችሁ፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስልካችሁ ውስጥ ትገባላችሁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በጀርመንኛ ያወራሉ። አንድ ነገር ሲጠይቋችሁም በተሰባበረ ጀርመንኛ ትመልሳላችሁ። ልጃችሁ የሚያውቃችሁ ስትንተባተቡ ብቻ ነው፤ በራሳችሁ ቋንቋ አንደበተ ርቱዕ መሆናችሁን ሳያይ ያድጋል!

በሥራ ቀን ፈረቃ አለ፣ ድካም አለ፤ ይገባኛል። ይህ ቀን ግን ሙሉውን የእናንተ ነው። ማክሲሚሊያን ጎዳናን ይዛችሁ ሂዱ። ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀው አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ከ1422 እስከ 1436 የተሠራ ነው። እዚያ ቁሙና ንገሯቸው፦ የዚህ ቤት ግንባታ ሳያልቅ፣ በ1434፣ በእኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነገሡ፤ አፅማቸውም ጣና ሐይቅ ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት አርፏል በሏቸው። ጣና ፊታቸው የተዘረጋውን ሐይቅ ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሚበልጠው፣ ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንደሚቀዝፍበት ንገሯቸው። ጥያቄ ያዘንቡባችኋል። በጀርመንኛ ቢጠይቁም በአማርኛ መልሱ።

ደግሞ አትሳቁባቸው! አብሯችሁ የሚመጣ አጎት ወይም አክስት የልጁን ኮልታፋ አማርኛ እየደገመ የሚያስቅ ከሆነ ቤቱ ይቅር። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይሞክርም። የእኔ ልጅ ዛሬ ከአያቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር መሐል ገብቼ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። እናቴ «ምን አለች?» ባሉኝ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል፤ ያለፈውን ዘመን መመለስ አልችልም። የእናንተ ልጆች ግን ገና ትንንሾች ናቸው።

ስትመለሱ ባቡሩ ውስጥ ለአያት ደውሉና የዋለበትን ልጁ ራሱ ይንገራቸው። ቃል ሲያጥረው ቶሎ ብላችሁ አትንጠቁት፤ ፈልጎ እስኪያገኘው ጠብቁት።