ዘፈን ለምትለቁ የሐዋሳ ልጆች

ሐዋሳ ውስጥ በየሆቴሉና በየሠርጉ ኪቦርድ ስጫወት ነው ፀጉሬ የሸበተው። ዛሬ ስቱዲዮ የምትመጡ ልጆች ገና ማይክ ፊት ሳትቆሙ «ጋሼ፣ ይሄ ትሬንድ ይወጣል?» ትሉኛላችሁ። ትሬንድ የሚወጣውን ባውቅማ ለራሴ እሠራው ነበር።

ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ቲክቶክ ላይማ ሰው ያን ያህልም አይታገስም። ስለዚህ «መግቢያውን ቁረጠው» ትሉኛላችሁ። ሳክስፎኑ ጆሮ የሚያባብልበት ቦታ ይቀርና ዘፈኑ ከአዝማቹ ይጀምራል። ይሁን፣ ዘመኑ ነው፣ እቆርጣለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ኑሯችሁም አብሮ መቆረጡ ነው። ዘፈኑ በተለቀቀ ሌሊት ቪው ስትቆጥሩ ይነጋል። በሳምንቱ «አዲስ ነገር የለም እንዴ?» ይመጣል። ልምምድ መቼ ይደረግ?

ነጠላ ዜማው አንድ ሰሞን ከየባጃጁ ሲሰማ የከረመ ልጅ አውቃለሁ። ያኔ ፒያሳ በኮፍያና በመነፅር ተሸፍኖ ነበር የሚያልፈው። ሰሞኑ አለፈ። ኮፍያውን ቢያወልቅም ፎቶ አብረን እንነሳ የሚለው ጠፋ። «ጋሼ፣ ሰው ካላየኝ የሌለሁ ይመስለኛል» አለኝ። ድምፁ ግን ያው ነበር፤ እንዲያውም በስሎ ነበር።

ቁጥሩ ሲበዛ ውስጣችን ይሞላል የምትሉ ካላችሁ፣ ስዊድናዊው ዲጄ አቪቺ የዓለም መድረክ ሁሉ ሲጠራው እያለ እ.ኤ.አ. በ2016 መድረክ በቃኝ አለ። ገና 26 ዓመቱ ነበር። ጤናው ተጎድቷል፣ ጉዞውም አድክሞታል። በ2018 በ28 ዓመቱ አረፈ። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኤሚ ዋይንሀውስ በ2008 በአንድ ምሽት አምስት የግራሚ ሽልማት ወስዳ በ2011 በ27 ዓመቷ ሞተች። የሰው ሞት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በዝና ብቻ አላሳብበውም። ጭብጨባው ግን ደግፎ አላቆማቸውም።

ድሮ ሁሉ ማር ነበር አልልም። መጠጡም፣ ሐሜቱም፣ የተበላ ገንዘብም ነበር። ግን ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍን በዙሪያው ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲና አቀናባሪ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት «እዚህ ጋ ወርደሃል፣ ድገመው» የሚል አይጠፋም። እናንተ ስልካችሁ ላይ የምታገኙት ወይ «አንደኛ ነህ» ነው፣ ወይ ስድብ። ሁለቱም አያሠለጥኑም። ድገመው የሚላችሁ አንድ ሰው ፈልጉ፤ ሲቆጣችሁም አትሽሹት።

ሠርግ መዝፈንንም አትናቁ። እዚህ ከተማ በአንድ ምሽት ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጉራጊኛና አማርኛ ትዘፍናላችሁ። እናቶች ተነስተው ከጨፈሩ ገብቷቸዋል፣ ከተቀመጡም ወዲያው ታዩታላችሁ። የተገዛ ቪው ይህን አይነግራችሁም። (ቪው የምትገዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እዚህ ጋ አልጨቃጨቅም።)

ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ደግሞ ውሉን አንብቡ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። እናንተ ግን ለክሊፕ መቅረጫ ስትሉ በአንድ ፊርማ ትሰጡታላችሁ። «ለሚያውቅ ሰው ላሳየውና ነገ እመለሳለሁ» በሉ። እስከ ነገ የማይጠብቃችሁ ፕሮሞተር ጋ አትፈርሙ።