ሕገ መንግሥቱ ከተፈረመ በኋላስ? የአሜሪካ መንግሥት ሥራ የጀመረው እንዴት ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለዜግነት ፈተና እያጠናሽ ነው። «ሕገ መንግሥቱ በ1787 ተጻፈ፣ ዋሽንግተን በ1789 ፕሬዚዳንት ሆነ ይላል። በመሃል ምን ነበር? ደግሞስ ወረቀት ብቻ ይዘው መንግሥት ያቆሙት እንዴት ነው?» ብለሻል። በአጭሩ የመለሱልሽ አሉ። እኔ ትንሽ ረዘም ላድርገው፤ ጉዳዩን ስለምወደው ታገሺኝ።

አገር ቤት ሳለሁ የጉምሩክ አስተላላፊ ነበርኩ። ዲክላራሲዮን ስሞላና ከመጋዘን መጋዘን ስሯሯጥ ነው የኖርኩት። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈተናው የሚዘጋጁ ወገኖቻችንን በነፃ አስጠናለሁ። እዚያ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ታሪኩን ከፊላደልፊያው ስብሰባ ስጀምርላቸው ስሞቹ ይምታቱባቸዋል። ከወደብ ስጀምርላቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ያ መንግሥት መጀመሪያ የቆመው በጉምሩክ ነውና ለአንቺም ከዚያው ልነሳ።

አሜሪካኖች ነፃ ሲወጡ የነበራቸው መንግሥት በ1781 በጸደቀ የግዛቶች ውል የሚመራ ነበር። 13ቱ ግዛቶች አንድ ኮንግረስ ነበራቸው። አስፈጻሚ ፕሬዚዳንት የለ፣ የአገር ፍርድ ቤት የለ። የባሰው ደግሞ ኮንግረሱ ቀረጥ መጣል አይችልም። ገንዘብ ሲቸግረው ግዛቶቹን ይጠይቃል፤ እነሱም ሲመቻቸው ጥቂት ይሰጡታል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ ልጣል ብሎ ለመነ። ውሉን ለመለወጥ የሁሉም ግዛት ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ትንሿ ሮድ አይላንድ እምቢ ስትል ነገሩ እዚያው ቀረ። በ1783 ደመወዝ የቀረባቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ የስብሰባውን ሕንፃ ከበቡት። የኮንግረሱ አባላት ከተማዋን ጥለው ወደ ፕሪንስተን ሄዱ። ለወታደሩ የሚከፍለው አጥቶ ከመቀመጫው የሚወጣ መንግሥት ምን ያህል እንደሚቆይ አስቢው። ከዚያ በ1786 ምዕራብ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች ተነሱ፣ ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ይሄኔ ነው ብዙ ሰው የነቃው።

ፊላደልፊያ ላይ በ1787 የተሰበሰቡት 55 ሰዎች ናቸው፤ በሴፕቴምበር 17 የፈረሙት 39። ሮድ አይላንድ ሰው አልላከችም። ፊርማው ግን ሕግ አላደረገውም። ቢያንስ 9 ግዛቶች በየጉባኤያቸው መቀበል ነበረባቸው። «በመሃል ምን ነበር?» ላልሽው መልሱ ይሄ ነው፦ ክርክር። ዘጠነኛዋ ኒው ሃምፕሸር በጁን 21 ቀን 1788 ተቀበለች። ቨርጂኒያ 89 ለ79፣ ኒው ዮርክ 30 ለ27 ነው ያለፈው። ለጥቂት ነው የተረፈው! ብዙዎቹም እሺ ያሉት የዜጎች መብት በማሻሻያ ይጨመራል በሚል ተስፋ ነበር። ዛሬ የምታጠኛቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች የዚያ ውጤት ናቸው። የቨርጂኒያው ተወካይ ጄምስ ማዲሰን በ1789 አቀረባቸው፣ በ1791 ጸደቁ።

አዲሱ ኮንግረስ ማርች 4 ቀን 1789 ኒው ዮርክ ላይ ሊከፈት ቀጠሮ ተያዘ። በቀኑ የተገኙት 8 ሴናተሮችና 13 ተወካዮች ብቻ ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ የለም። አንድ ወር ገደማ ተጠበቀ። ሴኔቱ ሞልቶ የምርጫው ድምፅ የተቆጠረው ኤፕሪል 6 ነው፤ 69ኙም መራጮች ዋሽንግተንን መርጠዋል። ዋሽንግተን ባለ ብዙ መሬት ነበር፣ እጁ ላይ ግን ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረው ዕዳውን ለማቃለልና ለጉዞው ተበደረ። መመረጡን የሚነግረው መልእክተኛ ቨርጂኒያ ያለው ቤቱ፣ ማውንት ቨርነን የደረሰው ኤፕሪል 14 ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በይ። ማዲሰን በተወካዮች ምክር ቤት ተነስቶ የቀረጥ ሐሳብ ያቀረበው ኤፕሪል 8 ነው። ፕሬዚዳንቱ ገና እቤቱ ነው፣ መመረጡም በይፋ አልተነገረውም። ሚኒስቴር የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ቀረጡ ግን ቀደመ። የፀደይ መርከቦች ዕቃ ጭነው እየመጡ ነው፤ ሕጉ ካልደረሰ የዓመቱ ትልቅ ገቢ ያመልጣል። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው የማዲሰንን ጥድፊያ ወዲያው ይረዳዋል።

አልደረሰም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን ዕቃ ይዞ መጣ። ማሳቹሴትስ በሞላሰስ (ስኳር ሲመረት በሚተርፈው ጥቁር ሽሮፕ) ቀረጥ ላይ አምርራ ተከራከረች፤ ሞላሰስ ሩም የተባለውን አረቄ ለሚያወጡ ሰዎቿ ጥሬ ዕቃ ነው። በጋሎን 6 ሳንቲም ይሁን የተባለው ወርዶ ወርዶ 2 ሳንቲም ተኩል ላይ ቆመ። ሕጉ የተፈረመው ጁላይ 4 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥቃቅን ጭቅጭቅ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። የማሳቹሴትስ ሰው ከደቡብ ካሮላይና ሰው ጋር ስለ አንድ የጋራ ኪስ ሲደራደር፣ አንድ አገር መሆን የጀመሩት እዚያ ነው እላለሁ።

ጁላይ 31 ደግሞ አሰባሰቡን የሚወስነው ሕግ ወጣ። ይሄን ሕግ ሳነብ የቀድሞ ሥራዬ ፊቴ ላይ መጣ። በትልልቆቹ ወደቦች ሦስት ሹሞች ይቀመጣሉ። ሰብሳቢው የመርከቧን ማኒፌስት (የጭነት ዝርዝር) ይቀበላል፣ ቀረጡን ያሰላል፣ ገንዘቡን ይረከባል። ሁለተኛው «ናቫል ኦፊሰር» ይባላል፤ ከባሕር ኃይል ጋር ግንኙነት የለውም፣ የሰብሳቢውን ሒሳብ ለብቻው አስልቶ አብሮ ይፈርማል። ሦስተኛው ወደቡ ላይ ሆኖ መዛኞቹንና ለኪዎቹን ይቆጣጠራል። የሚለካው ሌላ፣ የሚቀበለው ሌላ፣ የሚያመሳክረው ሌላ። ጉምሩክ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቃል። ለእኔ ይህ ሕግ ከብዙ የተዋበ ንግግር ይበልጣል።

ሴኔቱ የፕሬዚዳንቱን ሹመት ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለውም በዚሁ መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ዋሽንግተን ለሳቫና ወደብ ቤንጃሚን ፊሽቦርን የተባለ ሰው አጨ። ሴኔቱ አልተቀበለውም። ዋሽንግተን ሌላ ሰው አቀረበ፤ የቀድሞውን ለምን እንደመረጠው የሚያስረዳ ደብዳቤም ላከ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ። ጄኔራል የነበረ ሰው፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብረው፣ «አይሆንም» ሲባል ሌላ ስም አቀረበ። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ በተራ መጡ። የውጭ ጉዳይ በጁላይ፣ የጦር በኦገስት፣ ግምጃ ቤቱ በሴፕቴምበር 1789። ሚኒስትር ማን ይሾማል የሚለው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ ማን ያባርራል የሚለው የለም። ሴኔቱ እኩል ለእኩል ተከፈለና ምክትል ፕሬዚዳንት አዳምስ ለፕሬዚዳንቱ ወሰነ። ፍርድ ቤትም እንዲሁ። ወረቀቱ «አንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኖራል» ይላል እንጂ ስንት ዳኛ እንደሆነ አይናገርም። የ1789ኙ ሕግ 6 ዳኞች አደረጋቸው። አንቺ 9 ብለሽ የምታጠኚው ቁጥር በኋላ የመጣ ነው። እነዚያ ዳኞች ደግሞ በፈረስና በሠረገላ እየዞሩ ሲያስችሉ ነበር፤ በጣም ነበር የሚያማርሩት።

አሁን የምነግርሽ ኦገስት 22 ቀን 1789 የሆነ ነው። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ውል ሲዋዋል ሴኔቱን «እያማከረ» ይላል። ዋሽንግተን ቃሉን እንዳለ ወሰደው። ክሪክ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ስለሚደረገው ስምምነት ሊያማክር የጦር ሚኒስትሩን ኖክስን አስከትሎ ሴኔቱ አዳራሽ ገባ። አዳምስ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሠረገላ ጩኸት ንባቡን ዋጠው። መስኮት ተዘጋ፣ እንደገና ተነበበ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ምን ትላላችሁ ሲባሉ ዝም። ከዚያ የፔንሲልቬኒያው ሴናተር ማክሌይ ተነስቶ ተጨማሪ ሰነዶች እንዲነበቡ ጠየቀ፣ ሌላው ነገሩ ለኮሚቴ ይመራ አለ። ዋሽንግተን ተቆጣ፤ የመጣሁበት ዓላማ ሁሉ ከሸፈ አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጉዳዩን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን ለምክር ብሎ ሴኔት አልሄደም። ምክሩን ከሚኒስትሮቹ መጠየቅ ለመደ። ፈተናው ላይ «ካቢኔ» የምትይው ያደገው ከዚህ ልማድ ነው። ማክሌይም ያን ቀን ያደረገው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ፕሬዚዳንቱ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ሳያነቡ አዎ ማለትን እምቢ አለ።

የግምጃ ቤት ሚኒስትሩን የሐሚልተንን የዕዳ ዕቅድ በአጭሩ ልለፈው። የግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ የአገሩ መንግሥት ይሸከም አለ። ቨርጂኒያ አብዛኛውን ዕዳዋን ከፍላ ስለነበር አኮረፈች። በ1790 ስምምነት ተገኘ፦ ዕዳው ይወሰዳል፣ ዋና ከተማውም ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይመጣል። ብዙዎቻችን ዛሬ የምንኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ ዋና ከተማ የሆነው በዚያ ድርድር ነው። ዕዳው የተከፈለውም በዋናነት ከዚያው ከጉምሩክ ገቢ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በ1790 የሕዝብ ቆጠራ ከ3.9 ሚሊዮን ሰው ወደ 700,000 የሚጠጋው ባሪያ ነበር። በዚያው ዓመት ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖችና ቤንጃሚን ፍራንክሊን ማመልከቻውን የፈረመለት ማኅበር የባሪያ ንግድና ባርነት እንዲቆም አመለከቱ። ኮንግረሱ በየግዛቱ ባለው ባርነት ጣልቃ የመግባት ሥልጣን የለኝም አለ። በማርች 1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ደግሞ ዜግነትን ለ«ነፃ ነጭ ሰው» ብቻ ፈቀደ። አንቺም እኔም በዚያ ሕግ ማመልከት አንችልም ነበር። ለአፍሪካ ተወላጆች በሩ የተከፈተው በ1870 ነው፣ ያውም ከብዙ ደም በኋላ። እነዚያን ሰዎች ሳደንቅ ይህን አብሬ ነው የምናገረው። ተማሪዎቼ ሁለቱንም የማወቅ መብት አላቸው።

ፈተናው ላይ ግን ይህን ሁሉ እንዳትዘረግፊው። ጠያቂው አጭር መልስ ነው የሚፈልገው፦ 1787፣ ዋሽንግተን፣ 9 ዳኞች፣ አለቀ። ኒው ዮርክ ከሄድሽ ዎል ስትሪት ላይ ዋሽንግተን ቃለ መሐላ የፈጸመበትን ቦታ እይው። የድሮው ሕንፃ በ1812 ፈርሷል። አሁን ያለው በ1842 ያለቀ ነው፤ የተሠራውም ለጉምሩክ ቤት ነበር። የቃለ መጠይቁ ቀን ሲደርስሽ ንገሪን፤ የሚያስቸግርሽ ጥያቄ ካለም እዚሁ ጻፊው፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።