ቀውስን በሰዓት አንብቡት

ይድረስ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ለምታጠኑ ልጆቼ፣

ስለ ኩባ ሚሳይል ቀውስ ስትጠየቁ የብዙዎቻችሁ መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጸኑ፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ፈሩ፣ ሶቪየት ኩባ ላይ ያስቀመጠቻቸው የኑክሌር ሚሳይሎች ተነሡ። ይህ መልስ ፈተና ያሳልፋችሁ ይሆናል፤ ሥራ ላይ ግን ያሳስታችኋል። ከመጨረሻው ወደ ኋላ የተነበበ ታሪክ ነውና። የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ የሚወስነው መጨረሻውን ሳያውቅ ነው። ስለዚህ ቀውስን በቀን ሳይሆን በሰዓት አንብቡት።

አንድ ሰፊ ወረቀት አራት ቦታ ክፈሉ፤ ሰዓቱ፣ ዋሽንግተን ያወቀችው፣ ሞስኮ ያወቀችው፣ በእርግጥ የሆነው። ሁሉንም በአንድ ከተማ ሰዓት ጻፉ። ሞስኮ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት ትቀድም ነበር፤ ኦክቶበር 28 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች ልዩነቱ 8 ሆነ። የአማርኛ ምንጭ ስታዩ ደግሞ ኦክቶበር 27 በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 17 ቀን 1955 መሆኑን አትዘንጉ፤ ሁለቱን የደባለቀ ሰው የ10 ቀን ስሕተት ይሠራል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች የዋሽንግተን ናቸው፤ አጠራራቸው ግን የእኛ ነው፤ ሰነዱ ጠዋት 10 የሚለው ጠዋት 4 ሰዓት ነው።

በኦክቶበር 24 ጀምሩ። መሣሪያ የጫኑ መርከቦች ኩባ እንዳይገቡ አሜሪካ የጣለችው የባሕር ክልከላ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጸና። (ኬኔዲ «ከበባ» ያላሉት በዓለም አቀፍ ሕግ ከበባ የጦርነት ድርጊት ስለሆነ ነው። «ኳራንቲን» አሉት፤ የቃል ምርጫ ሥራ ነው፣ አትናቁት።) በዚያ ጠዋት ሚሳይል የጫነችው የሶቪየት መርከብ ኪሞቭስክ ወደ መስመሩ እየቀረበች ነው ተብሎ በዋይት ሀውስ ትንፋሽ ተይዞ ነበር። በእርግጥ የሆነውን ስትጽፉ ግን መርከቧ ከአንድ ቀን በፊት ዞራ ወደ አገሯ እየተመለሰች እንደነበረ ታገኛላችሁ። ሁለቱ ባላንጣዎች ባሕር ላይ ዓይን ለዓይን ተፋጠው አንዱ ዓይኑን ሰበረ የሚለው ተረክ የተሠራው ከዚህ የመረጃ መዘግየት ነው።

ወታደሩን ስትቆጥሩም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን በኩባ ያለው የሶቪየት ጦር ወደ 10 ሺህ ገደማ መስሏት ነበር፤ የነበረው ከ40 ሺህ በላይ ነው። ለሚወርር ጦር የተዘጋጁ አጭር ርቀት የሚወነጨፉ የኑክሌር መሣሪያዎችም እዚያው ነበሩ፤ ወረራ ይደረግ ሲሉ የነበሩት አማካሪዎች ይህን አያውቁም ነበር። የልበ ሙሉ ምክር ስትሰሙ መካሪው የቆመበትን መረጃ ጠይቁ።

አሁን ኦክቶበር 26 ላይ ረጋ በሉ። የክሩሽቼቭ ረጅም ደብዳቤ ሞስኮ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ የተሰጠው ጠዋት 3 ሰዓት ከ43 ላይ ነው። ዋሽንግተን መድረስ የጀመረው ምሽት 12 ሰዓት፣ ያለቀው 3 ሰዓት ገደማ። መተርጎም፣ በምስጢር ቁልፍ መጻፍ፣ በቴሌግራም መላክ፣ መፍታት፤ በየደረጃው ሰዓት ይበላል። ደብዳቤው ኩባን አንወርርም በሉና ሚሳይሎቹን እናንሣ የሚል ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሞስኮ ሬዲዮ ሌላ ደብዳቤ አነበበ፤ ቱርክ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎችም ይነሡ አለ። የትኛው ነው የሞስኮ ቃል?

በዚህ ሰዓት የጠቀመው ሰው ሌዌሊን ቶምፕሰን ነው። ሞስኮ በአምባሳደርነት ያገለገለ፣ ሩሲያኛ የሚያውቅ፣ ክሩሽቼቭን በቅርብ ያየ ሰው ነበር። ክሩሽቼቭ ኩባን ከወረራ አዳንኩ ማለት ከቻሉ ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ ለፊተኛው ደብዳቤ ይመለስላቸው ብሎ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተከራከረ። ስለ ሚሳይል ርቀት ከማንም በላይ ስለሚያውቅ አልነበረም፤ ተቃራኒው ወገን በአገሩ ሰው ፊት ምን ብሎ መውጣት እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ቋንቋ ተማሩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

በዚያው ምሽት 1 ሰዓት ከ45 ላይ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ በዋሽንግተን የሶቪየት አምባሳደር የነበሩትን ዶብሪኒንን አገኙ። የቱርክ 15 ጁፒተሮች ከ4 እስከ 5 ወር ውስጥ ይነሣሉ፣ በይፋ ግን አይነገርም አሉ። ሚሳይሎቹ በኤፕሪል 1963 ተነሡ። ምስጢሩን ያወቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆንሰን እንኳ ከእነርሱ መካከል አልነበሩም። ይህ ያሳዝነኛል። ኋላ ስለ ቬትናም የወሰኑት ሰው ቀውሱ የተፈታው በጽናት ብቻ ነው ከሚሉት ጋር ቀሩ። ምስጢር ለድርድሩ አስፈላጊ ነበር፤ ዋጋው ግን የተሳሳተ ትምህርት ሆነ።

ለበታች ሰዎችም ቦታ ተዉ። ኦክቶበር 27 ሜጀር ሩዶልፍ አንደርሰን የሚያበሩት ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በኩባ ሰማይ ሲመታ ትእዛዙን የሰጡት እዚያው ያሉ የሶቪየት መኮንኖች እንጂ ሞስኮ አልነበረችም። በዚያው ቀን ሌላ ዩ-2 ከአላስካ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲበር አብራሪው አቅጣጫ ጠፍቶበት ሶቪየት ምድር ላይ ገባ። አትላንቲክ ላይ ደግሞ የአሜሪካ መርከቦች ቢ-59 የተባለችውን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ከባሕሩ በላይ ለማውጣት የማስጠንቀቂያ ፈንጂ ይጥሉ ነበር። የምልክቱ ማብራሪያ ለሞስኮ ተልኮ ነበር፤ ወደ ባሕር ሥር አልወረደም። መርከቧ ባትሪዋ ተዳክሞ፣ ሙቀቱ አይቻልም ሆኖ፣ የኑክሌር ቶርፒዶ ይዛ ነበር። ውስጧ የነበሩ ሰዎች እንደመሰከሩት አዛዡ ቶርፒዶው ይዘጋጅ ሲል አብሮት የነበረው መኮንን ቫሲሊ አርኪፖቭ አረጋጋው። ሁለቱ መሪዎች በዚያ ሰዓት ይህን አያውቁም፤ በወረቀታችሁ ሁለቱም ቦታዎች ባዶ ይቀራሉ። ባዶውን አትሙሉት፤ ባዶ መሆኑ ራሱ መረጃ ነው።

ከዚህ መዘግየት የተወለደው የዋሽንግተንና የሞስኮ ቀጥታ የመገናኛ መስመር በኦገስት 1963 ሥራ ጀመረ። ብዙ ሰው ቀይ ስልክ ይመስለዋል፤ በሽቦ የተላከ ጽሑፍ የሚያትም መሣሪያ፣ ቴሌፕሪንተር፣ ነበር። ሽቦው ከዋሽንግተን በለንደን፣ በኮፐንሃገን፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ አልፎ ሞስኮ ይደርስ ነበር። ዋሽንግተን በእንግሊዝኛ፣ ሞስኮ በሩሲያኛ ይጽፉ ነበር፤ ተቀባዩ ራሱ ይተረጉም ነበር። በድምፅ ያልሆነው መሪ ተቆጥቶ በአፉ የሚያመልጠው ቃል እንዳይኖርና ትርጉሙ በጥንቃቄ እንዲሠራ ነው።

ወረቀቱን ስትጨርሱ የኦክቶበር 26ቱን፣ የ27ቱን ደብዳቤና የኬኔዲን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በቀይ የተጠየቀውን፣ በሰማያዊ የተሰጠውን አስምሩ። ከዚያ መልሱ ዝም ብሎ ያለፈውን ፈልጉ፤ ቱርክ የምትለዋ ቃል በኬኔዲ ደብዳቤ ውስጥ የለችም።